በሆልገር ግንባር ላይ የነበረው ዘይት

ሆልገር ስቴንስጎርድ መስኮቱ አጠገብ ባለው የቆዳ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ዓይኑን ባሕሩ ላይ አፍጥጦ ሞቶ ተገኘ። የዴንማርኳ የወደብ ከተማ ሂርትስሃልስ እንደዚያ ያለ አስፈሪ ሬሳ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አታይም። ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ፣ አርባውን ዓመት በሰሜን ባሕር ላይ ያሳለፈ፣ በአንድ እጁ መልሕቅ ያነሳ የነበረ ሰው ነው። ያንን ተራራ የሚያክል ሰው የገደለው አንድ የሶፋ ትራስ ነው። ትራሱ እግሩ ሥር ወድቋል፤ ክሩ ከአፉ ውስጥ ተገኝቷል።

ግንባሩ ያብረቀርቃል። አንድ ሰው በወይራ ዘይት መስቀል ሠርቶበታል፤ ከፀጉሩ ሥር እስከ አፍንጫው፣ ከቅንድብ እስከ ቅንድብ። ጠረጴዛው ላይ የጣት ጫፍ የምታክል የብረት ብልቃጥ ክዳኗ ተከፍቶ ቆማለች።

ያገኘችው እህቱ ኢንገር ናት፤ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የዓሣ ጥብስ በሰሃን ይዛለት ስትመጣ። የሉተራኑን ቤተ ክርስቲያን ደወል ለሠላሳ ዓመት የደወለች፣ ኖርዌይ ድረስ አሰምታለች የምትባል ሴት ናት። አልጮኸችም። ሰሃኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ፖሊስ ጠራች።

መርማሪዋ ቦዲል ክሮግስጎርድ ከጎረቤቱ ከተማ ከዮሪንግ መጣች። በሰሜን ዩትላንድ ከዚህች ሴት ዓይን ያመለጠ ነገር ካለ ገና አልተፈጠረም። አንድ ጊዜ በስልክ ያስነጠሰን ሰው ዋሽተሃል ብላ አስይዛዋለች፤ ሰውየውም ዋሽቶ ነበር። ሬሳውን ዞራ ዞራ አየችና ኢንገርን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ግንባሩ ላይ ያየሽውን ለማንም አትንገሪ። ለቄሱም ቢሆን።»

«ለቄሱማ ስለ አየሩም አልነግረውም» አለች ኢንገር።

የብልቃጧ ባለቤት አልጠፋም። ከብስክሌት ጥገናው በላይ ሁለት አሜሪካውያን የሞርሞን ሚስዮናውያን ይኖራሉ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ደረት ላይ የስም ሰሌዳ። ማዕረጋቸው «ሽማግሌ» ነው፤ የሁለቱ ጢም ተደምሮ ግን የአንዲት ድመት አያክልም። ቡና አይጠጡም፣ ሻይ አይጠጡም፣ ቢራም አይጠጡም። እዚህ አገር ይህ ማለት ደፍሮ በር የከፈተላቸው ሰው እንኳ የሚያቀርብላቸው ነገር ያጣል ማለት ነው። የከተማው ነፋስ ፖስተኛውን ከነብስክሌቱ አንስቶ ዓሣ ገበያው ጣራ ላይ ያስቀመጠ ነፋስ ነው፤ በዚያ ነፋስ ለአሥራ አራት ወር በር አንኳኩተው ያዳመጣቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሆልገር። ቅዳሜ ሊያጠምቁት ነበር።

ለቦዲል በሩን የከፈተላት ሽማግሌ ታይሬል ሃስላም ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ አገሩ አይዳሆ፣ ያደገው ድንች እርሻ ላይ። ፊቱ እንደ ሸሚዙ ነጥቷል። ጓደኛው ሽማግሌ ዊትሎክ ትኩሳት ይዞት ብርድ ልብስ ተከናንቦ አልጋ ላይ ተቀምጧል።

ቦዲል ከምሳ በኋላ የት እንደነበሩ ጠየቀች።

«እዚሁ ነበርን። አልተለያየንም» አለ ሃስላም።

«እዚሁ ነበርን። አልተለያየንም» አለ ዊትሎክ።

ቦዲል ማሞቂያው ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ተመለከተች። የዊትሎክ ጫማ አቧራ ለብሷል። የሃስላም እስከ ማሰሪያው ርሷል፤ የባሕር ዳር አሸዋም ተጣብቆበታል። ምንም አላለችም። ስለ ብልቃጧ ስትጠይቀው ሃስላም እየተንተባተበ ነገራት፤ እሁድ ለታመመው የሆልገር ሳንባ በዘይቱ ጸሎት ሲያደርጉለት እዚያው ረስቷት ነው የወጣው። እዚያ ማን ማን ነበር? ሁለታቸው፣ ሆልገር፣ ደግሞም ዕቃ መወልወያ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማ የተመለከተቻቸው ኢንገር። ሌላ ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ ስትወጣ ሃስላም በሩን ዘጋ። አገሩ ላይ የሁለት ዓመት አገልግሎቱን ጨርሶ የሚመለስ ሚስዮናዊ አውሮፕላን ጣቢያ በፊኛና በዝማሬ ነው የሚቀበሉት። ከመሃል ተባሮ የተመለሰ ግን በጓሮ በር ይገባል፤ እናቱም እሁድ እሁድ ሰው ሳይወጣ ቀድማ ወደ መኪናዋ ትሄዳለች። እሱን ደግሞ የሚጠብቀው ከዚያ የባሰ ነው፤ ካቴና። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ የሚያብረቀርቅ ግንባር ይመጣበታል።

ወደቡ ላይ ቢርተ የምትባል ዓሣ ሻጭ ቦዲልን አስቆመቻት። የቢርተ ምላስ ከቢላዋዋ ይፈጥናል ይባላል፤ ቢላዋዋ ደግሞ የሚታይ አይደለም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእነዚያ ልጆች አንዱን ሲሮጥ አየሁት። አንዱን ብቻ። መንገድ ላይ አንድ እግር ጫማ ብቻውን ወድቆ እንዳየሁ ነው የደነገጥኩት።»

ልጆቹ አንዱ ከሌላው ዓይን እንዳይርቅ ሕጋቸው እንደሚያዝ ከተማው በሙሉ ያውቃል። አንደኛው ፀጉሩን ሲቆረጥ ሌላው አጠገቡ ይቀመጣል። የቦዲል አለቃ ይህን ሲሰማ ነገሩን ጨረሰው፤ ነገ እስከ ቀትር ሌላ ሰው ካላገኘች አሜሪካዊውን በካቴና ታመጣዋለች።

ቦዲል ወደ ሆልገር ቤት ስትመለስ ፕሬበን ቶፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሆልገር የሠራበት የዓሣ ጀልባ ካፒቴን የነበረ፣ ከባሕር ከወጡም ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ አብሮት ካርታ የሚጫወት ወዳጁ። እንባው የወደቡን ባሕር ከፍ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም። አስገባችው። ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጀልባዋ፣ ሆልገር፣ ፕሬበን፣ በመሃላቸው የሚስቅ ጎረምሳ።

«ላሴ ነው» አለ ፕሬበን። «ሠላሳ ዓመት ሆነው። ማዕበል ወሰደው። እኔና ሆልገር ብቻ ተረፍን።»

ስለ ሚስዮናውያኑ ስትጠይቀው ድምፁ ሻከረ። የሆልገርን አእምሮ አዙረውታል፤ ቢራ አስጥለውታል፤ ዘይትም ቀብተውታል። ሲቀቡት አይተሃል ወይ አለችው። አላየም፤ እሁድ ስካገን ከተማ ሴት ልጁ ጋ ነበር፤ ማክሰኞ ካርታ ሲጫወቱ ሆልገር ራሱ ብልቃጧን አሳይቶ ነገረው።

ሐሙስ ጠዋት ቦዲል ከብስክሌት ጥገናው በላይ ወዳለው ቤት ወጣችና ሃስላምን ደረጃው ላይ ከጎኗ አስቀመጠችው። ዊትሎክ በተከፈተው በር ያያቸዋል፤ ሕጉ እንዳይጣስ።

«ልጄ፣ እስከ ቀትር የቀረህ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምትዋሸው ለእኔ ሳይሆን ለዳኛ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምን ትሮጥ ነበር?»

ሃስላም በበሩ በኩል ዊትሎክን አየው። ከዚያ በፍርሃት በተሰባበረ ዴንማርክኛ ሁሉንም ዘረገፈው። ዊትሎክ በትኩሳት ይቃዥ ነበር፤ ጸሎት እንዲያደርግለት ለመነው፤ ዘይቱ ግን ሆልገር ቤት ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ብሎ ጓደኛውን ተኝቶ ትቶት ወጣ። በሩ አልተቆለፈም። «ወንድም ሆልገር» ብሎ ገባ፤ ሰውየው አፍጥጦ አየው። ሁለት ጊዜ ጠራው። ወለሉ ሲንቋቋ ገዳዩ ጓዳ ውስጥ ያለ መሰለው፤ ብልቃጧን እንኳ ሳያነሳ በባሕሩ ዳር ሮጠ።

«ለምን ፖሊስ አልጠራህም?»

«ብቻዬን ነበርኩ። ብናገር ጓደኛዬን ጥዬ እንደወጣሁ ይታወቃል፤ ወደ ቤት ይመልሱኛል። ዊትሎክ ለእኔ ሲል ነው የዋሸው።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ተቀምጠው ትቻቸው ሮጥኩ። ያንን ነገር ግንባራቸው ላይ አይቼ ትቻቸው ሮጥኩ።»

«የትኛውን ነገር?»

«መስቀሉን። እኛ መስቀል አንሠራም። አንገታችን ላይ የለም፣ ግድግዳችን ላይ የለም፣ በእጃችንም አናማትብም። ዘይቱ አናት ላይ፣ ፀጉር መሃል ነው ጠብ የሚለው። ሳየው እኛን የሚጠላ ሰው ያደረገው መሰለኝ።»

ቦዲል ጫማዋን እያየች አሰበች። በመጨረሻ የጠየቀችው ከጥምቀቱ በፊት ምን ቀርቶ እንደነበር ነው። ቃለ መጠይቅ ብቻ፤ ለሐሙስ ማታ። ጥያቄዎቹን ቀደም ብለው ሰኞ ዕለት አንብበውለት ነበር።

«አንደኛው ‹ከባድ ወንጀል ሠርተው ያውቃሉ ወይ› የሚል ነው። እዚያ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ ‹ይሄ ነገር የሁለት ሰው ነው፤ ለሁለተኛው ሳልነግር ብናገር ነውር ነው› አሉን። ስም አልጠሩም።»

ቦዲል ተነሳች።

ቀትር ሲሆን ሁሉም ሆልገር ሳሎን ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ ወንበሩ ግን እዚያው ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ኢንገር ጓዳው በር ላይ፣ ፕሬበን ፎቶው ሥር፣ ሁለቱ ልጆች ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው። የሃስላም ልብ ሲመታ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ካቴናው ከመርማሪዋ ወገብ ላይ ይታየዋል።

«ፕሬበን፣» አለች ቦዲል፣ «ልጆቹ እሁድ ሆልገርን ሲቀቡት ዘይቱን የት ላይ ነው ያደረጉት?»

«አላየሁም አልኩሽ እኮ።»

«እንደነገረህ።»

ፕሬበን ትከሻውን ሰበቀና አውራ ጣቱን ግንባሩ ላይ አደረገ። ወደ ታች ሳበ፣ ከቅንድብ ወደ ቅንድብም ሳበ። «እንዲህ ነዋ። ሕፃን ሲጠመቅ እንደሚደረገው።»

ኢንገር የበሩን መቃን ያዘች።

«አንቺስ ኢንገር? እሁድ ቆመሽ አይተሽ ነበር።»

«አናቱ ላይ ነው» አለች ኢንገር በቀጭን ድምፅ። «አንዲት ጠብታ፣ አናቱ ላይ። የዘይት ቁጠባ ነው ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ግንባሩን ማንም አልነካውም።»

ቦዲል ወደ መስኮቱ ሄደች። ቀስ ብላ፣ መረብ እንደሚጎትት ሰው ነገሩን ሳበችው። ገዳዩ ወንጀሉ በሚስዮናውያኑ እንዲመካኝ ፈልጓል፤ ስለዚህ ዘይታቸውን ተጠቀመ። የተጠቀመው ግን ራሱ በሚያውቀው መንገድ ነው፤ የእኛ ቄስ በጥምቀት ጊዜ የሕፃን ፊት ላይ እንደሚያማትበው። ሁለቱ ልጆች እንዲህ ሊሳሳቱ አይችሉም። ኢንገርም አትሳሳትም፤ በዓይኗ አይታለች። የሚሳሳተው ስለ ዘይቱ በወሬ ብቻ የሰማ ሰው ነው። መስቀሉን ደግሞ ፖሊስ ለማንም አልተናገረም፤ ኢንገርም አልተናገረችም።

«ገምቼ ነው የተናገርኩት» አለ ፕሬበን። «በግምት ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ለምን እንደተገደለ ግን አስቢ አልኩ ራሴን። ሆልገር ከመጠመቁ በፊት የሚናዘዘው ወንጀል ነበረው፤ ወንጀሉም የሁለት ሰው ነበር። ለሁለተኛው ሳይነግር መናገር ነውር መሰለው። ሰኞ ይህን አለ፤ ማክሰኞ ካርታ የተጫወተው ከአንተ ጋር ነው፤ ረቡዕ ሞተ። በዚያ ጀልባ ላይ ሦስት ሰው ነበር፤ አንዱ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሞቷል። ሁለተኛው ሰው ማን ሊሆን ነው?»

ፕሬበን ወደ ፎቶው ዞረ።

«በዚህ ነፋስ ጓንት ሳያደርግ የሚወጣ የለም፤ በጓንት ግን መስቀል አይሠራም፤ ዘይቱን ጓንቱ ይጠጣዋል። ስለዚህ ጓንትህን አወለቅህ፤ ከዚያ በዘይት ጣትህ ብልቃጧን ይዘህ አስቀመጥካት። ብልቃጧ አሁን ኦልቦር ከተማ ምርመራ ክፍል ናት፤ በዘይት የታተመባትን አሻራ እያነሱ ነው።»

ፕሬበን አውራ ጣቱን አየው። ሱሪው ላይ ጠረገው፤ እንደገና አየው።

«ያኔ ባሕር ላይ ጠጥቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ላሴ ሲወድቅ ሆልገር ተመለስ አለኝ፤ መብራት አይቼ የባሕር ጠባቂ መሰለኝና ሰክሬ እንዳልያዝ አልተመለስኩም። ልጁ ይጣራ ነበር። ሆልገር ዝም ሊልልኝ ማለ፤ ሠላሳ ዓመት ዝም አለ። አሁን ውሃ ውስጥ ሊነክሩት ሲሉ ጊዜ መሐላውን ረሳው።»

ቦዲል ካቴናውን ፈታች። ሃስላም ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው ብረቱ የሌላ ሰው እጅ ላይ ነበር። ፕሬበንን ወስደውት መኪናው ተነሳ።

መርማሪዋ የምስክርነት ወረቀቱን ከሃስላም ፊት ዘረጋች። ዊትሎክ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ ፕሬበን ካመነ ወዲህ «እዚሁ ነበርን» ብሎ ቢጽፍ ማን ይጎዳል አለው።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ቦዲል። «ይህን ወረቀት አለቆቻችሁ ያነቡታል፤ ያንን እወቅ። እኔ ገዳዩን ይዣለሁ። የምትፈርመው አንተ ነህ።»

ሃስላም እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ «ብቻዬን ነበርኩ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመም። ወረቀቱ ሳይቀድመው ብሎ እዚያው ቆሞ ኮፐንሃገን ላለው የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት ደወለ። ፕሬዚዳንቱ ያለው አጭር ነው፤ እሁድ ባቡር ተሳፈር፣ ዕቃህን ሁሉ ይዘህ ና፣ እንነጋገራለን። ዕቃህን ሁሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሃስላም አልጠየቀም።

ኢንገር እስካሁን ከጓዳው በር አልተነቃነቀችም ነበር። አሁን መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ቅዳሜ እዚህ አለህ ማለት ነው።»

«አዎን።»

«ቅዳሜ እንቀብረዋለን፤ ሳጥኑን የሚሸከመው ስድስት ሰው ነው። አምስት አሉኝ። ስድስተኛው ፕሬበን ነበር።»

«እኔ ትቻቸው የሮጥኩ ሰው ነኝ።»

«ሰማሁ» አለች ኢንገር፤ ያዘነበለውን የስም ሰሌዳውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀጥ አደረገችለት። «ቅዳሜ አትሮጥም። ወንድሜ ከባድ ነው።»