ሙቁ ክፍል

እማማ መርፌ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ሞተው በተገኙበት ጠዋት፣ የልጃቸው ባል ቁርሱን አላቋረጠም። መርማሪዋ ስትገባ እንቁላል እያኘከ ነበር፤ ከንፈሩ በዘይት ያብለጨልጫል።

«ነፍስ ይማር» አላት አፉን ሞልቶ። «ዕድሜም እኮ ነው።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እብቅ አታሳልፍምና። ፊቷን አዙራ ወደ ሟቿ ክፍል ገባች።

ሟቿ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ «መርፌ» የሚለው ቅጽል ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ለብርዱ ወራት ያስዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸው የመስኮቱን ስንጥቅ ደፈነች፤ ባሏ የግቢውን ቧንቧ በአሮጌ ሹራቡ ጠቀለለ፤ ምድጃ ሠሪው ሽማግሌ በእሳቸው ክፍል ያለውን የምድጃ ጭስ ማውጫ ጠረጉ። እሳቸው ደግሞ መርዘኛ ጭስ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያ ከራስጌያቸው ሰቀሉ።

አሁን መሣሪያው የባትሪ ድንጋይ የለውም። ጣሪያ ላይ ካለው የጭስ ማውጫ አፍም የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ ወጣ።

«አባቴ፣ ጨርቅ ረስተው ይሆን?» ስትል ያስጠራቻቸውን ምድጃ ሠሪ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ጥቀርሻ የዋጥኩ ሰው ነኝ! ብረሳውስ፣ ምድጃው ከተለኮሰ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት በሰላም ነደደ?»

የሟቿ ልጅ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እህቴ፣ ድንጋዩን ማን አወጣው?»

«እንጃ። እማዬ ማንንም አታስነካም ነበር። እንደ መድኃኒት ቀን ትጽፍበታለች፤ በቀይ እስክሪብቶ።»

መርማሪዋ ስትወጣ በሩ ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ አደናቀፋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኛ ክፍል በረዶ ነው» አለ ባልየው። «ሙቁ ክፍል ባዶ ከሚሆን ብዬ ነዋ።»

አስከሬኑ ገና አልተነሳም። መርማሪዋ የመጣባትን ምራቅ ዋጠችው። ከዚያ የባልየውን አገጭ አየች፤ ልስልስ ብሏል።

«ዛሬ ነው የተላጩት?»

«ለቀስተኛ ሊመጣ አይደል? ሰው መምሰል ነው እንጂ።»

«መላጫው በድንጋይ ነው የሚሠራው?»

«አዎ፤ ትናንት ማታ ቀየርኩለት።»

«ራስዎ?»

«ታዲያ ማን ይቀይርልኛል?»

እኩለ ቀን ሳይደርስ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ምድጃ ሠሪው ረስተውት ቢሆን ኖሮ የሦስት ቀን ጥቀርሻ ይጠጣ ነበር። ይሄ ግን ከሥሩ ብቻ ነው የጠቆረው። የተወተፈው ትናንት ነው። ምኑ እንደሆነ እዩት፤ የሹራብ እጅጌ ነው። ቧንቧው ላይ ያለው ሹራብ አንድ እጅጌ ይጎድለዋል።»

«ማንም ሊቆርጠው ይችላል!» አለ ባልየው።

«ልክ ነዎት። ለዚህ ነው መላጫዎን የከፈትኩት።» ሁለት ድንጋዮች አስቀመጠች። በቀይ ቀለም፣ በነርሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ያለፈው ሳምንት ቀን ተጽፎባቸዋል። «ትናንት ማታ ራሴ ቀየርኩ ብለውኛል። ከዚህ መሣሪያ ነው ያወጡት። እንዳይጮህ።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ትናንት ጣሪያ ላይ ነበርክ። ምን ትሠራለህ ስልህ 'ቆርቆሮው ተነቃንቆ ነው' አልከኝ። መሰላሉን ያዝኩልህ እኮ!»

ሰውዬው ግራ ቀኝ አየ። «አሮጊት ብቻዋን ተንደላቃ እኛ ስንንቀጠቀጥ... ገና ስንት የብርድ ወራት ልትኖር ነው?»

«ለክፍሉ ብለህ? ለክፍል?» ልጅቷ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ስታስመልስ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ምድጃ ሠሪው «ኤጭ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባልየው እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ካፖርቴን አቀብሉኝ እንጂ፤ ውጭው ይበርዳል።»

ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ መርማሪዋ፣ ሕግ ሕግ ነውና፣ ካፖርቱን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ ትከሻው ላይ ጣለችለት። መኪናው ጋ እስክትደርስ ጣቶቿን በሱሪዋ እየጠረገች ሄደች።