ድምፅዎን አውቀዋለሁ ያለው ሰውዬ

«አዎ፣ የሱቁ ባለቤት እኔ ነኝ» አለች ፈንዲሻ ስልኩ ላይ ድምጿን ወፈር አድርጋ። ሰውየው ወዲያው «ሱቅዎ ዛሬውኑ ይታሸጋል» አላት።

በቃ እንደዛ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ፈንዲሻ ባለቤት ምናምን አይደለችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ማውራት ስትጀምር ስለምትንጣጣ ነው የክፍሏ ልጆች ፈንዲሻ ያሏት። ልብስ ስፌት ቤቱ የእናቷ ነው። ግን እናቷ ልብስ ስትለካ ስፒል በከንፈሯ ደርድራ ስለምትይዝ ስልክ ማንሳት አትችልም፣ ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ስልኩ የፈንዲሻ ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ልጇ ነኝ» ትል ነበር። ደንበኞቹ ደሞ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እናትሽን አቅርቢልኝ» እያሉ አሰለቿት። አንድ ቀን ዝም ብላ እናቷን ሆና አወራች። ሠራ። እናቷም ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ከዛ ወዲህ ቀሚሱ ደረሰ አልደረሰ፣ ዚፑ ተቀየረ አልተቀየረ፣ ሁሉንም የምትመልሰው እሷ ነች፣ እናቷን ሆና።

አሁን ግን ይሄ ከግብር ቢሮ ነኝ የሚል ሰውዬ።

«ያልተከፈለ ግብር አለብዎት፣ በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ተልኮልዎታል። ስልኩን እንዳይዘጉት፣ ንግግራችን እየተቀዳ ነው። የሐሰት መረጃ መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።»

የሐሰት መረጃ። አሁን «ውይ ይቅርታ፣ እኔ እንኳን ልጇ ነኝ» ብትል መንግሥትን ዋሽታለች ማለት ነው፣ ያውም ተቀድቶ። ካላለች ደሞ እየዋሸች ቀጠለች ማለት ነው። የቱ ይሻላል?

ዞር ብላ እናቷን አየች። እናቷ ተንበርክካ የቀሚስ ጠርዝ በስፒል እየያዘች ነው። ቀሚሱ ውስጥ የቆሙት ደሞ፣ ከሰው ሁሉ፣ የትምህርት ቤቷ ምክትል ዳይሬክተር ናቸው። ሴትየዋ አንድ እጅጌ ብቻ ለብሰው ራሱ ያስፈራሉ። እሳቸው ፊት «እማ፣ ግብር አልከፈልሽም እየተባልሽ ነው» ልትል? ሼም ነው። ስልኩን ይዛ መጋረጃው ጀርባ ገባች፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል።

ቆይ ግን፣ እናቷ ግብር ከፍላለች አይደል? የሆነ ቀን ተሰልፋ ውላ እግሬን አለች። ወይስ ያ የመብራት ነበር? ፈንዲሻ ይሄን ሁሉ ስታወራ ውላ አንድ ቀን እንኳን በደንብ ሰምታ አታውቅም ማለት ነው?

«ማሸጉን ላስቆምልዎት እችላለሁ» አለ ሰውየው። ድምፁ ድንገት የአጎት ድምፅ ሆነ። «አሁን ስልክዎ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይገባል። እሱን ይንገሩኝና ጉዳዩን እዘጋዋለሁ።»

መልእክቱ ገባ። ከባንክ ነው። ቁጥሩ አለ፣ ከሥሩ ደሞ ‹ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ› ይላል።

«ለማንም አይስጡ ይላል እኮ።»

«ማንም ማለት ሌላ ሰው ነው። እኛ መንግሥት ነን።»

ፈንዲሻ አሰበችበት። ልክ ይመስላል። ልክም አይመስልም። ባንክ ያለው ብር እኮ የእናቷ እንኳን አይደለም፣ የደንበኞች ቀብድ ነው፣ ገና ጨርቅ ያልተገዛበት። እሱ ከጠፋ እናቷ የሰው ዓይን እንዴት ታያለች? ግን ሱቁ ቢታሸግስ? የሰው ልብስ ሁሉ ውስጥ ተቆልፎበት?

«ወይዘሮ፣ አሻጊዎቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል። እየመጡ ነው።»

«ሰባት» አለች። «አራት…»

«ይቺ እጅጌ ያዘችኝ» አሉ ምክትል ዳይሬክተሯ ከመጋረጃው ወዲያ። ፈንዲሻ ክፍል ውስጥ ስታወራ የተያዘች ይመስል አፏን በመዳፏ ከደነች።

«ቀጥይ እንጂ» አለ ሰውየው። ከዛ ወደ አንቱታው መለስ አለና፣ «ምነው፣ ተጠራጠሩኝ? ባለፈው ቢሮዬ መጥተው ሲያለቅሱ አዝኜ ጊዜ የሰጠሁዎት እኔ አይደለሁም? እኔ እኮ ገና ሃሎ ሲሉ ነው ድምፅዎን ያወቅኩት።»

እናቷ አልቅሳለች? ቢሮ ሄዳ? ለማንም ሳትነግር? ምስኪን እማ፣ ብቻዋን ይሄን ሁሉ ይዛ…

ቆይ።

የማንን ድምፅ ነው ያወቀው?

ሃሎ ያለችው እሷ ነች። እሷ ደሞ ግብር ቢሮ የቱ ጋ እንደሆነ ራሱ አታውቅም።

«ያኔ… መነፅር አድርጌ የመጣሁ ቀን ነው?» አለች ቀስ ብላ። እናቷ መነፅር የላትም።

«አዎ፣ እሱ ቀን። እንባዎን ሲጠርጉ ሳይቀር እያወለቁት።»

ሳቋ መጣ። ዘጋችው። ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። መዝጋቷ ልክ ይሁን አይሁን እንኳን አልገባትም። ሰውየው ውሸታም ነው፣ እሺ። ግን ግብር ቢሮ ውስጥ ውሸታም አይሠራም ያለው ማነው? ዕዳው የእውነት ቢሆንስ?

ከመጋረጃው ወጣች።

«እማ፣ ስፒሉን ከአፍሽ አውጪው እስቲ።»

«ም?»

«አውጪው። የምነግርሽ አለኝ።»

ምክትል ዳይሬክተሯ እያዩዋት ነው። ይዩ። ሁሉንም ዘረገፈችው፣ ሰባቱንም አራቱንም።

«ሁለት ቁጥር ብቻ?» አለች እናቷ። «በእናትሽ?»

«በአንቺ።»

እናቷ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። «ከፍያለሁ እኮ» አለች። «የከፈልኩ ይመስለኛል። አልከፈልኩም እንዴ?»

እሷንም ግራ ገባት። የሰውየው ድምፅ እንኳን ሳይደርሳት።

«መጀመሪያ ባንክሽ ደውይ» አሉ ምክትል ዳይሬክተሯ። «ግብሩን ደግሞ ነገ እዛው ቢሮው ሄደሽ ትጠይቂያለሽ።» ከዛ ወደ ፈንዲሻ ዞሩ። «ባለፈው ‹ልጄን አሟታል፣ ዛሬ አትመጣም› ብላ የደወለችልኝ እናት፣ አንቺ ነበርሽ?»

ፈንዲሻ የወደቀ ስፒል ለማንሳት ጎንበስ አለች። ደግነቱ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«አዎ ጌታዬ… ኧረ አልዘጋም ጌታዬ… መልእክቱ ገብቷል፣ ቆይ ላንብበው…»

ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰፈሩ ሬዲዮ ይለዋል፤ ጠዋት የሰማው ነገር ለምሳ ሳይደርስ ሁሉ ቤት ይገባል። የእሱም ስልክ ቁጥር እንደነሱ ሁሉ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

እናቷ ባንክ እየደወለች ነው። ፈንዲሻ ግድግዳውን አየችው። ለሬዲዮ ከነገረችው አለቀላት፣ ከነገ ጀምሮ ስሟ ሰባት አራት ነው። ደሞ ምን ትለዋለች? የገባት ነገር ራሱ ግማሽ ነው። እውነተኛው ግብር ቢሮ ቢሆንስ የደወለለት?

ቢሆንም ወጣች።

ሬዲዮ ደንበኛ በሌለበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ከፊቱ አርቆ ይዞ መልእክቱን እያነበበ ነው። በሩን ስትከፍት «ቆይ» ብሎ ጣቱን አነሳባት።

አልቆየችም።