የተሰረዘው መስመር

«ኢሜሉ ግን ይሠራል አይደል?» አለች ሌሊሴ።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ጠባብ ነው። ማይክሮፎኑ፣ ያረጀው የድምፅ ሚክሰርና ሁለት ወንበሮች ከገቡበት ወዲያ ሌላ ነገር አይዝም። ሰልሳቢል ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራ ሥራ የበዛባት መሰለች።

«ይሠራል» አለች።

ውሸት አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ ይሠራል። ሌሊሴ የጠየቀቻት ግን ስለ ትናንት እንዳልሆነ ታውቃለች።

«እንግዲያው አልመረጡኝም ማለት ነው» ሌሊሴ ቦርሳዋን አነሳች። «ለተመረጡት ባለፈው ሳምንት እንልካለን ብለው ነበር።»

ሌሊሴ በኮልፌው ትምህርት ቤታቸው ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና አንባቢ ናት። ሰልሳቢል ደግሞ ከማሽኖቹ ኋላ ያለችው ነች። ሰባተኛ ክፍል ሆነው የሚኒ ሚዲያ ክበቡን አብረው ተቀላቀሉ፣ አሁን አስረኛ ደርሰዋል። በዚህ ዓመት አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ታዳጊዎችን መርጦ ድራማ መጻፍና መተወን ሊያሠለጥን ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ ሌሊሴ ታክሲ ውስጥ ቦርሳ ስለተለዋወጡ ሁለት ሴቶች አጭር ድራማ ጽፋ፣ ሁለቱንም ሴቶች ራሷ ሆና ተጫወተችው። የቀዳችውም የላከችውም ሰልሳቢል ነበረች። ሌሊሴ የራሷ ስልክ ስለሌላት መልስ መቀበያው በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ስም የተከፈተው የክበቡ ኢሜል ሆነ።

በዚያው ሰሞን ነው የሰርተፊኬቱ ሥራ የመጣው። የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ የሚከፍቱ ወላጆች ስልካቸው ላይ «ይህ ገጽ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ እያዩ ደንግጠው ይዘጉት ነበር። የአይሲቲ መምህራቸውና የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ገረሱ የዶሜይኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም መዝገብ፣ የይለፍ ቃል ለሰልሳቢል ሰጧት። «አንቺ ታውቂበታለሽ» ነበር ያሉት።

ማስጠንቀቂያውን የሚያስቀረውን የደህንነት ሰርተፊኬት የሚሰጠው ድርጅት የድረ ገጹ ስም በእርግጥ የትምህርት ቤቱ መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ለዚህም በስሙ መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ጽፋችሁ አሳዩኝ ይላል። ሰልሳቢል ጻፈች። አልተሳካም። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም እምቢ አለ። መዝገቡ ውስጥ ማን መቼ እንደጻፋቸው የማይታወቅ አሮጌ መስመሮች ነበሩ። የሚያደናቅፉት እነሱ ይሆናሉ ብላ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ማስጠንቀቂያው ጠፍቶ ከገጹ ስም አጠገብ ትንሿ የቁልፍ ምልክት ብቅ አለች።

በማግስቱ ቲቸር ገረሱ ሰልፍ ላይ ስሟን ጠርተው አስጨበጨቡላት። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ሌሊሴ ነበረች። «ይመችሽ ሰሊ» አለቻት በማይኩ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ።

ጥፋቱን ያወቀችው ትናንት ነው። ቲቸር ገረሱ እንደ ቀልድ «ሰሞኑን ኢሜል የሚባል ነገር አይመጣም፤ ተረሳን እንዴ?» ሲሉ የሰረዘቻቸው መስመሮች ትዝ አሏት። ሄዳ መዝገቡን ከፈተች፣ አነበበች፣ ገባት። ከሰረዘቻቸው መስመሮች አንዱ የሚመጣውን ኢሜል ወደ ሳጥኑ የሚመራው ነበር። እሱ ከሌለ የተላከው ሁሉ ወደ ላኪው ይመለሳል። መስመሩን መልሳ ጻፈችው። ከስልኳ ሙከራ ላከች፤ ገባ። ለማንም አልነገረችም።

«ቋንቋዬ ነው» አለች አሁን ሌሊሴ፣ በሩ ላይ ቆማ። እቤታቸው፣ አስኮ፣ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። «አማርኛዬ ውስጥ ኦሮምኛዬ ይሰማል። ሰልፍ ላይ እንኳ ሙድ ይዘውብኝ የለ? የሬዲዮ ሰዎች ደግሞ የሚፈልጉት ድምፅ ነው።»

«እንደሱ እንኳ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምን ይመስልሻል?»

ሰልሳቢል ላፕቶፑን ዘጋች።

«ተዪው» አለች ሌሊሴ። «ከነገ ጀምሮ ዜናውን ሌላ ሰው ያንብብ።»

እንዳለችውም አደረገች። በማግስቱ ሰልፉ ውስጥ ከክፍሏ ልጆች ጋር ቆማ መሬት መሬት ታይ ነበር። በእሷ ቦታ የገባው ልጅ ዜናውን እየተንተባተበ ሲያነብ ሰልሳቢል ሚክሰሩ ኋላ ተደብቃ ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረገች። ሊስተካከል የሚችል ነገር አልነበረም።

ከትምህርት በኋላ ወደ እናቷ ሱቅ ሄደች። ወይዘሮ ሃፊዛ ጦር ኃይሎች አካባቢ መጋረጃ ይሸጣሉ። ያን ቀን ለደንበኛ የሚቆረጥ ረጅም ጨርቅ ዘርግተው ነበርና ሰልሳቢል አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው።

«ሳብ አድርገሽ ያዢው እንጂ» አሉ እናቷ። ቀና ብለው አዩዋት። «ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«ምሳ በልተሻል?»

«አዎ» አለች። አልበላችም።

ጨርቁን ይዛ ቆማ ስታስብ አንድ ነገር መጣላት። ምናልባት ሌሊሴ በእርግጥ አልተመረጠች ይሆናል። ምናልባት የሬዲዮው ሰዎች ጭራሽ ምንም አልላኩ ይሆናል። እንደዚያ ቢሆን እኮ ምንም አላጠፋችም። ምነው እንደዚያ በሆነ፣ አለች በልቧ። ወዲያው የተመኘችው ነገር ምን እንደሆነ ሲገባት ጨርቁ ከእጇ አመለጠ። ጓደኛዋ እንድትወድቅ መመኘቷ ነበር።

«እማ፣ አንዴ ስልክ ልደውል» ብላ ወደ ውጭ ወጣች። ታክሲዎቹ ስለሚጮኹ ከሱቁ ጎን ወዳለው ኮሪደር ገብታ፣ አንድ ጆሮዋን በእጇ ደፍና የሬዲዮ ጣቢያው ማስታወቂያ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች። አንዲት ሴት አነሳች።

«ሌሊሴ ጉዲሳ?» አለች ሴትዮዋ ስሙን ስትሰማ። «ያቺ ሁለቱንም ሴቶች የሆነችው? ኧረ እሷን ስንፈልጋት ነበር። ተመርጣ ነበር እኮ። ደጋግመን ብንልክ ኢሜሉ እየተመለሰ አስቸገረን። ሌላ አድራሻ ደግሞ አላስቀመጠችም።»

«አሁንስ መግባት አትችልም?»

«ሥልጠናው ተጀምሯል የኔ እህት። ቦታዋን ለተጠባባቂ ሰጠነው። እኛም በጣም ነው የቆጨን። ትልቋን ሴትዮ ስትሆን ሌላ ሰው መስላን፣ ስንት ሆናችሁ ነው የሠራችሁት ብለን ልንጠይቃት ነበር።» ቀጥላም «አንቺን ማን ልበል?» አለች።

«ጓደኛዋ ነኝ» አለች ሰልሳቢል።

ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደገፈች። ብትናገር ቦታው አይመለስም። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ቲቸር ገረሱ እንደኮሩባት ይቀራሉ። ሌሊሴም ትንሽ ከርማ ትረሳዋለች። ትረሳዋለች? ማይኩን ያስረከበችው እኮ «አማርኛዬ ነው የጣለኝ» የሚል ማንም ያልተናገረውን ነገር አምና ነው። ለቀሪው ዘመኗ ያን አምና ልትኖር ትችላለች።

ወደ ሱቁ ተመለሰች። «እማ፣ አስኮ ሌሊሴ ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«ራስሽን አሞሽ አልነበር?»

«አላመመኝም።»

እናቷ መቀሱን እንደያዙ ትንሽ አዩዋት። «ሳይመሽ ተመለሺ» አሉ።

ሌሊሴ ግቢያቸው ውስጥ ዩኒፎርሟን እያጠበች ነበር። ሰልሳቢልን ስታይ በክርኗ አጠገቧ ወዳለው በርጩማ አመለከተቻት። ሰልሳቢል አልተቀመጠችም።

«ተመርጠሽ ነበር» አለች።

የሌሊሴ እጆች አረፋው ውስጥ ቀሩ።

«ልከውልሽ ተመልሶባቸው ነው። የኢሜሉን መስመር የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰርተፊኬቱን ሳስገባ። ስሰርዘው አላወቅኩም፣ ወላሂ። ስትጠይቂኝ ግን አውቅ ነበር።»

«አሁን መግባት እችላለሁ?»

«ደውዬ ጠየቅኳቸው። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።»

ሌሊሴ ሸሚዟን ከሳፋው አውጥታ ጨመቀች። ውሃው ካለቀም በኋላ መጭመቋን አላቆመችም።

«ስለ አማርኛዬ ምን አሉ?»

«ምንም። ትልቋን ሴትዮ ስትሆኚ ሌላ ሰው መሰልሽን አሉ። ስንት ሆናችሁ ነው የሠራችሁት ብለው ሊጠይቁሽ ነበር።»

የሌሊሴ ፊት ሊፈካ ሲል መልሶ ተዘጋ። ሸሚዙን ሽቦው ላይ አሰጣች፤ ክንዶቹን አንድ በአንድ አቃናች።

«መሰረዝሽስ ይሁን» አለች ጀርባዋን እንደሰጠቻት። «‹ይሠራል› ያልሽኝን ግን እንጃ። አይንሽን ስላላየሁት ነው ያመንኩሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ሂጂ፣ ሰሊ።»

ሰልሳቢል ይቅርታ ልትላት ፈልጋ ነበር። አሁን ብትለው ለሌሊሴ ሳይሆን ለራሷ እንደምትለው ተሰማትና ወጣች።

ፌርማታው ጋ ቆማ ለቲቸር ገረሱ ደወለች። ቶሎ አነሱት።

«አቤት ኢንጂነሯ» አሉ እየሳቁ። «የቅዳሜውን የወላጆች ስብሰባ አልረሳሽም አይደል? ሰርተፊኬቱን እንዴት እንዳስገባሽ አንቺ ነሽ የምታስረጂው።»

«ቲቸር፣ እሱን ከመወሰንዎ በፊት የሚሰሙኝ ነገር አለ። ጊዜ አለዎት?»

«ምነው? በደህና?»

የጦር ኃይሎች ታክሲ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ እጁን አወዛወዘላት። ፀሐይዋ ወደ ቡራዩ በኩል አዘንብላለች፤ ሌላ ታክሲ ቶሎ ላይመጣ ይችላል። ሰልሳቢል ለረዳቱ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«መዝገቡ ውስጥ አሮጌ መስመሮች ነበሩ» አለች። «ከሰረዝኳቸው ስለ አንዱ ልንገርዎት።»