ያደረው ጠጠር

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

ጥጥ የክሊኒኩ ልብስ ማጠቢያ በር ላይ ቆማለች። ጥጥ የሚስጥር ስሟ ነው፤ እውነተኛውን እኔም አላውቀው። ኪሷ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ጠጠር አለ። የአምቡላንሱ ሹፌር ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ። ክሊኒኩን በድብቅ እንድትመረምር የላካት መሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ መልእክት አቀባይዋ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚጀምሩት?» አላት።

«አራት።»

«ሃያ ደቂቃ አለን።»

ጠጠሩን ተቀብሏት ሄደ። እሱ ይደውላል፣ ፖሊስ ይገባል፣ አለቀ።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ክሊኒኩ ተራራ ወጪዎችን ዜኖን የሚባል ጋዝ ያስተነፍሳል። ደማችሁ ይበዛል፣ ሁለት ወር ተራራ ላይ ከምትለማመዱ እዚህ አንድ ሳምንት ይበቃችኋል ይላቸዋል ዶክተሩ። ጋዙ እንደ ልብ ስለማይገኝ የተነፈሱትን በቱቦ መልሶ ያዞርላቸዋል። መሃል ላይ ያለው ነጭ ጠጠር የተቃጠለውን አየር ይይዛል። ሲጠግብ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ይጣላል። ጉዱ ግን፣ ሳይጣል ካደረ ጠዋት ተመልሶ ይነጣል። ይነጣል እንጂ አይሠራም። ዶክተሩ አዲስ ካለቀበት ወር ሆኖታል፣ ባደረው ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ጭምብሉ ውስጥ እንዳንቀላፋ ቀረ። ልቡ ነው ተባለ።

ጥጥ ሦስት ወር ሙሉ ጭምብል አጣቢ ሆና ይህንን ስታጣራ ነበር። የምታወራት አንዲት ልብስ አጣቢ ብቻ ናት።

ወደ አዳራሹ ገባች። ስድስት ሰዎች ወንበራቸው ላይ ናቸው።

ሦስተኛው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ቤት ውስጥ እኮ ባንክ ነው የምትሠራው ተብሎ ነው የሚታወቀው። አፉን ከፈተ።

«እትዬ?»

«ተሳስተዋል ጌታዬ።»

ያኔ ዶክተሩ ገባ። እጁ ላይ ያ ላስቲክ አለ። ከኋላው ሹፌሩ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ።

ሸጧታል።

ዶክተሩ ላስቲኩን ከፍቶ አሳያቸው። ሌባ ናት፣ ከሌላ ክሊኒክ ተልካ ነው አላቸው። ጥጥ ያደረ ጠጠር ነው ብላ ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት? ነጭ ነዋ! ወንድሟ ጭራሽ ሳቀባት። ጣሪያ ላይ ሲወጣ እንኳን ስታለቅስ የኖረች እህት ናት። ለዚህ ተራራ ሁለት ዓመት ሮጧል።

«ባክሽ አትጨቅጭቂኝ» አለና ጭምብሉን አጠበቀ።

ዶክተሩ እጁን ወደ ጋዙ ሰደደ።

ጥጥ ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ቀድማ ከፈተችና ጭምብሉን አጠለቀች። ከውስጥ ሆና ወንድሟ ላይ ጮኸች። «እኔን አትይ! ጠጠሩን እይ!»

ዶክተሩ ሊነጥቃት ሲል አንድ ሽበታም ተራራ ወጪ ክንዱን ያዘው። «ይተዋት እንጂ። ነጭ ነው አላሉም?»

አንድ ደቂቃ። ነጭ።

ሁለት። ጭንቅላቷ ሊፈነዳ ነው። እንደ ሯጭ ታለከልካለች።

ሦስት። እስከ ማታ ነጭ ሆኖ መቆየት የነበረበት ጠጠር ከታች ጀምሮ ወይን ጠጅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ወንድሟ ነው የራሱን ጭምብል ጥሎ የሷን ቀዶ ተሸክሟት የወጣው። አምስቱም ተከተሉት። ሽበታሙ ፖሊስ ጠራ። ዶክተሩና ሹፌሩ በአምቡላንሱ ሊያመልጡ ሲሉ በር ላይ ተያዙ።

ሆስፒታል ስትነቃ አለቃዋ አጠገቧ ተቀምጧል። ማንነትሽ ታውቋል አላት። አንቺን የሚፈልግ ሰው ወንድምሽን እንዳያገኘው ከፈለግሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለሽም። የዘረጋላትን ወረቀት ፈረመች።

አሁን በሌላ ስም፣ ሌላ ከተማ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ትቆርጣለች። ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

አንድ ቀን ግን አላስቻላትም። ለልብስ አጣቢዋ ጓደኛዋ ደወለች፤ ወንድሜ እንዴት ነው ብቻ አለቻት። የመለሰችላትን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ደህና ነው። ግን በየቀኑ እየመጣ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ይቀመጣል። ሂድ ብለው አይሄድም። ምን ልበለው?»