የድንቡሼ ልክ

ኩኩ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ከፊት የእናቷ የልብስ ስፌት ሥራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋቸው። እናቷ የደንበኛ ልክ ስትወስድ ኩኩ ደብተር ላይ ትጽፍላታለች። እናቷም፣ “ልጄ፣ የሰው ልክ የሰው ገመና ነው፤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ” ትላት ነበር።

አንድ ጊዜ ኩኩ በምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ለመዘምራን ልጆች አዲስ ቀሚስ ሊሰፋ ሆነ። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ልጅም ልትለካ መጣች። እሷ የኩኩ የልብ ጓደኛ ናት። ጉንጮቿ ሞላ ያሉ ስለሆኑ አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ “ድንቡሼ” ይላታል፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። ድምጿማ አይወራም! እሷ ስትዘምር የሚንሾካሾክ ሁሉ ዝም ይላል።

በማግስቱ በመዝሙር ልምምድ አዳራሹ ውስጥ ትልልቆቹ መዘምራን ኩኩን ከበቧት። ከዚያ በፊት ዞር ብለው እንኳ አይተዋት አያውቁም።

“የድንቡሼ ወገብ ስንት ሆነ?”

“እማዬ እንዳትናገሪ ብላኛለች።”

“ለእኛ ብቻ! ከነገ ጀምሮ ከእኛ ጋር ትቀመጫለሽ።”

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር ልጆች? ኩኩ ምላሷን መያዝ አቃታትና ቁጥሩን ተናገረች። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ድንቡሼ “በርሜሏ” ተባለች። ኩኩም አብራ ሳቀች።

ድንቡሼ አልተጣላችም፤ አላለቀሰችም። ትምህርት ቤት ምሳዋን መብላት ብቻ ተወች። “እኔ ጠግቤያለሁ፤ አንቺ ብዪልኝ ኩኩዬ” ትላታለች። ኩኩም ትበላላታለች። ቤቷ ስትገባም ለአባቷ፣ “ኩኩ ዘንድ በላሁ” ትለዋለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቀሚሱ ሰፋት። የኩኩ እናት እያጠበበችላት፣ “እሰይ፣ አሁን አማረብሽ!” አለቻት። ጎረቤቶቹም፣ የመዝሙር አስተማሪዋም እንደዚያው አሉ። ክፉ አስበው አይደለም። ግን አንድም ሰው፣ “ምን ሆነሽ ነው ልጄ?” ብሎ አልጠየቃትም። ኩኩ ምክንያቱን ታውቅ ነበር፤ ፈርታ ዝም አለች።

አንድ እሑድ፣ መዝሙሩ መሐል ላይ ድንቡሼ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም፣ “ከረሃብ ብዛት ልቧ ተጎድቷል” አለች። ኩኩ ልትጠይቃት ስትሄድ አባትየው ማንኪያ ይዞ ይለምናል። “አንዴ ብቻ፣ የኔ ድንቡሼ።”

“እንደዚያ አትበለኝ አባዬ” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰፈሩን ሁሉ የሚያበላ ሰው፣ ለልጁ አንዲት ማንኪያ ማብላት አቃተው። ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አለቀሰ።

ኩኩ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። “ልክሽን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።”

ድንቡሼ፣ “አውቃለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ” አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ግን እውነቱን ንገሪኝ ኩኩዬ፣ አሁንም ወፍራም ነኝ አይደል?”

ክንዷ ከመጥረጊያ እንጨት ቀጥኗል። ኩኩ “አይደለሽም!” አለች፤ ደጋግማ ማለች። ድንቡሼ አላመነቻትም።

ኩኩ እየሮጠች ቤቷ ገብታ ለእናቷ ሁሉን ተናዘዘች። እናቷ አልተቆጣችም። መቀሱን አስቀምጣ፣ “እኔስ? አማረብሽ ያልኳት እኔ አይደለሁ?” ብላ እንባዋን አፈሰሰች። በሚቀጥለው እሑድ ኩኩ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት ቆማ ጥፋቷን ተናገረች። ትልልቆቹም አንገታቸውን ደፉ። በዚያን ቀን መዘመር የቻለ አልነበረም።

ድንቡሼ ከብዙ ወራት በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግን ዳግመኛ አልዘመረችም። ኩኩ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ እሷ ዘንድ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ድንቡሼ ሾርባ ትቀምሳለች፤ አንዳንድ ቀን ሳህኑን ትገፋዋለች። ኩኩ ሳትጨቀጭቃት አጠገቧ ትቀመጣለች።

ልጆቼ፣ በማንም ሰውነት አትሳቁ፤ እግዚአብሔር የሠራውን ገላ ያቆሰለ ቃል፣ ይቅርታ ቢገኝለት እንኳ ቁስሉ ቶሎ አይሽርምና።