ድምፁን ዝቅ ያደረገች ጣት

ከሚል የሞተው በገዛ ማውሱ ገመድ ታንቆ ነው። ምላሱን አውጥቶ፣ ግንባሩን አዲሱ ኪቦርድ አጠገብ ደፍቶ ተገኘ። በ2001 ዓ.ም. ቦንጋ ውስጥ ከሚልን የማያውቅ ጆሮ አልነበረም፤ ዘፈን እየገለበጠ የሚሸጥባት ሱቁ በር ላይ የሰቀለው፣ የድምፅ መዘውሩ የተሰበረ ስፒከር ሲያጓራ ሺሺንዳ ገበያ የቆመች በቅሎ ትደነብራለች፣ ዋጫ ከተማ የተኛ ሕፃን ይባንናል።

ኢንስፔክተር ባፈና ተጠራ። ከጅማ እስከ ሚዛን ስሙን ሰምቶ ሱሪው ላይ ያልሸና ሌባ የለም፤ ሬሳ እንኳ ለእሱ አይዋሽም ይባልለታል። ከሬሳው በፊት ስክሪኑን አየ። ዘፈኑ ያለ ድምፅ እየተመላለሰ ይሄዳል።

«ጎረቤት ምን ሰማ?»

«ከምሳ በፊት ዘፈኑ ጣራ እስኪነቅል ጮኸ፤ ትንሽ ቆይቶ ጭጭ አለ» አለ ፖሊሱ። «ገዳይዋ ተይዛለች ጌታዬ። የራሱ ጸሐፊ ናት፣ ሬሳውን አቅፋ ያዝናት። ነገ ፍርድ ቤት ናት።»

ጸሐፊዋ ሃሌሉያ እጇን በካቴና ታስራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። «ገመዱን ልፈታለት ነበር! ጠዋት ዋጫ እናቴ ጋ ነበርኩ፣ ገና ከመኪና መውረዴ ነው!»

ውጭ የተሰበሰበው ሰው «ትሰቀል!» ይላል።

ባፈና ኪቦርዱ ላይ የጥሩንባ ምስል ያለባቸውን የድምፅ ቁልፎች ተጫነ። ምንም የለም። ኪቦርዱ ሌላ ድርጅት የሠራው ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር አልተግባባም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ፤ በላይኛው ረድፍ ዳር ያሉት ሁለት ምልክት አልባ ቁልፎች ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ።

«ይህ ኪቦርድ መቼ መጣ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ በጅማው መኪና» አለ ፖሊሱ።

የሟች ሚስት ሚስራ ቀረበች። «ትናንት ቢታ ገነት ከተማ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አሁን መግባቴ።»

ቀጥሎ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ሀብተ ማርያም። «ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥሁም።»

«ምነው ጋሼ?»

«የወርቅውሃ ስታጣጥር ዝቅ አድርግልን ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ስቆ ጨመረው። ይህንኑ ዘፈን እየሰማች ሞተች።»

ባፈና ሬሳውን አስነሥቶ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ዙሪያ አቆመና፣ ኪቦርዱን በጀርባው ከልሎ ድምፁን ለቀቀው። ግድግዳው ተርገፈገፈ።

«ኧረ ጆሮዬ! አንዳችሁ ዝቅ አድርጉልኝ!»

ሚስራ የጥሩንባውን ምስል ተጫነች፤ አልሰማ አላት። ሃሌሉያም በታሰረ እጇ ያንኑ ደጋገመች፤ ከንቱ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ላብ አጠመቀው። በመካከላቸው እጁን ሰድዶ ዳር ካሉት ምልክት አልባ ቁልፎች አንዷን ተጭኖ ያዘ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ ባፈና። «ዘፈኑ አልቆመም፤ ድምፁ ብቻ ነው የወረደው። የስፒከሩ መዘውር ተሰብሯል። ማውሱ ተነቅሎ የሟቹ አንገት ላይ ነበር። ስለዚህ ዝቅ ያለው በኪቦርዱ ነው። ኪቦርዱ ደግሞ ከዛሬ ጠዋት በፊት እዚህ አልነበረም። ደጁን ያልረገጠ ሰው ጣት ይህችን ቁልፍ ከየት አወቃት?»

ሽማግሌው የራሱን ጣት እንደ ባዕድ አየው።

«ዛሬ አርባዋ ነው። እስከ ጸሎቱ ማብቂያ ብቻ ብዬ ልለምነው ገባሁ። ‹ና ጋሽዬ፣ አዲሱን ዕቃ ላሳይህ፤ ይቺ ዝቅ ታደርጋለች፣ ይቺ ከፍ› አለኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ ከፍ የምታደርገውን ተጫናት። ገመዱን አንገቱ ላይ ስጠመጥም የሚጮኸው እሱ ይሁን ዘፈኑ አልለየሁም። ሲያበቃ ዝቅ አደረግሁት። ከወር በኋላ ዝምታ ሰማሁ።»

ካቴናው ከሃሌሉያ እጅ ወልቆ የሽማግሌውን እጆች ከኋላ ጠረነቀ። ልጅቷ እመሬት ላይ ተዘርግታ አለቀሰች።

ሚስራ አላለቀሰችም። የሽማግሌው ጣት ያረፈበትን ቦታ ስታይ ቆይታለች፤ ከአጠገቡ ያለችውን ቁልፍ ተጫነችና ጣቷን ሳታነሳ ያዘቻት።

ያ ዘፈን ቦንጋን አናጋ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ጆሮውን ሊደፍን እጆቹን ታገለ፤ ካቴናው አልለቀቃቸውም።

«ጌታዬ፣ ዝቅ ታድርገው!» ሲል ጮኸ።

ባፈና ሰምቷል። ቆቡን አስተካክሎ፣ ሽማግሌውን በክንዱ ይዞ፣ ወደ ጣቢያው በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ወሰደው።