የመምህር ወልደ ጻድቅ ላፕቶፕ አልነቃም

መምህር ወልደ ጻድቅ ማጅራታቸውን በወረቀት መጫኛ ድንጋይ ተመትተው ከወንበራቸው ሥር ወድቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፓቸው ስክሪኑ እንደጠቆረ ክፍት ነው። የደሴት ገዳማት ብራናዎች ፎቶ ተነሥተው በሚመዘገቡበት በዚህ የዓባይ ማዶ ግቢ ከሟቹ ሌላ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዘበኛው ጋሼ ክንዱ አስከሬኑን እንዳዩ የግቢውን በር በሰንሰለት ጠርቅመውታል። ወደ ጣና የሚያየው መስኮትም በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። ክፍሉ ያፍናል።

«ገዳይዋማ ይቻትና!» አሉ ክንዱ፣ ወደ ጸሐፊዋ ወደ ሰብለ ወንጌል እየጠቆሙ። «መጨረሻ ከሳቸው ዘንድ ስትወጣ ያየሁ እኔ ነኝ።»

ሰብለ በካቴና ታስራለች። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቋትም፤ ማሰር ከማሰብ ይቀላላ!

«መቼ ወጣሽ?» አለቻት ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ጾም አይደል? መምህር ዘጠኝ ሲሆን ኮምፒውተሩን ሃይበርኔት አድርገው ለጸሎት ይነሣሉ። የተከፈተው ጽሑፍ ሁሉ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ማሽኑ ይጠፋል፤ ሲነቃ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እሱን አድርገው ሲቆሙ ትቻቸው ወጣሁ።»

ፀሐይወርቅ ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ ካቆመበት መቀጠል እንዳልቻለ የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ፤ ያስቀመጠውን ያጥፋው እንደሆነም ጠየቀ።

«ያጥፉት፣ ወዲያው ይነሣል» አለ የግቢው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጌትነት። «አሮጌ ነው።»

«አንተን ምን አስቸኮለህ?»

ምንም ሳትሰርዝ ማሽኑን መልሳ ዘጋችው፤ ባትሪውን አየች፤ ገለበጠችው። ከሆዱ አንድ ብሎን ጎድሏል። ከጌትነት ካቻቢቴ ተቀብላ ከፈተችው። ማሽኑ ሲሠራ ጽሑፉን ለጊዜው ከሚይዝበት ከራሙ ሁለት ማስገቢያዎች አንዱ ባዶ ነው።

ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ማሽኑ ሲተኛ ራሙ ሙሉ ነበር። ሲቀሰቀስ ጎደለበትና እምቢ አለ። ስለዚህ ራሙ የተነቀለው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

ሰብለ መለሰች፦ «መምህርና እኔ ብቻ።»

«ይኸው በገዛ አፏ!» ጮኹ ክንዱ።

«አዎ፣ በገዛ አፏ ዳነች። ራሙን የነቀለው ሰው ጽሑፍ ሊያጠፋ ነው፤ እሷ ብትፈልግ ግን ከፍታ ታጠፋው ነበር። ቁልፍ ያለው ሰው ግድግዳ አይነድልም። እርስዎስ ጋሼ፣ ራም ያውቃሉ?»

«እኔ የማውቀው የበሩን ሰንሰለት ነው።»

«እንግዲህ የይለፍ ቃል የሌለው፣ ካቻቢቴ ያለው አንድ ሰው ቀረ። ጌትነት፣ ቦርሳህን!»

ራሙ በመሐረብ ተጠቅልሎ ተገኘ። ወደ ቦታው መለሰችው። ማሽኑ አጉረመረመና ነቃ። ሰብለ በታሰረ እጇ የይለፍ ቃሉን ጻፈች። ያላለቀ ደብዳቤ ብቅ አለ፦ «ከብራናው ድርሳን ሁለት ቅጠል ቆርጦ የወሰደው ጌትነት መሆኑን...»

«መምህር ጽፌብሃለሁ አሉኝ፤ መታኋቸው» አለ ጌትነት ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ። «ራሙ ሲወጣ ደብዳቤው አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ...»

መሰለው! ሃይበርኔት የተደረገ ማሽን ጽሑፉን ዲስክ ላይ እንደሚያስቀምጥ የአንድ ወር ተማሪ ያውቀዋል። ይህ ሰው ግን አራት ሰርተፊኬት በመስታወት አስገብቶ ሰቅሏል። ሳይፈትኑ ወረቀት የሚያድሉ ሁሉ ያፍሩ!

ካቴናው ከሰብለ እጅ ወደ ጌትነት ተዛወረ። ክንዱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከበሩ ፊት ተገተሩ።

«ልጄ፣ በእግዜር ይቅር በይኝ።»

«ጋሼ» አለች ሰብለ የቀላ አንጓዋን እያሸች፣ «መጀመሪያ በሩን ይክፈቱልኝ። ይቅርታውን ውጭ ሆኜ አስብበታለሁ።»